ባሕሩ ዳር የዋለችው እኅት

በሻርጃ፣ በዱባይ፣ በአጅማን፣ ከዚያም ርቃችሁ በሌሎች የዐረብ አገሮች በሰው ቤት የምትደክሙ እኅቶቼ፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ባሕር ነው። «አባታችንን ደግሞ ከባሕር ጋር ምን አገናኛቸው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም በመጀመሪያ ያልሁት ይህንኑ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ነው። ሰፈሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በቁጥር እንጂ በስም አይጠራም። ከዳር እስከ ዳር ጋራዥ፣ የመኪና መለዋወጫ፣ ብየዳ ቤት፣ የቀለም ሽታና የወንድ ሠራተኞች ካምፕ ነው። አንዳንድ እኅቶች ለዕረፍት ቀናቸው መሰባሰቢያ እንዲሆናቸው እዚያ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተዋል። ጥቅምት ላይ ለጸበል ጸዲቅ ጠሩኝና ሄድሁ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አንዷ፣ «አባታችን፣ እዚህ አገር ስምንት ዓመት ኖርሁ። ባሕሩን ያየሁት ግን ስመጣ በአውሮፕላን መስኮት ብቻ ነው» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። ሳቁ ግን ወዲያው ቆመ፤ አብዛኞቹ ከእርሷ አይሻሉምና። ካዩትም የማዳምን ልጆች ይዘው ኻሊድ ኩሬ ዳር የቆሙ ናቸው። ዓይናቸው ልጆቹ ላይ ነው እንጂ ውኃው ላይ አልነበረም።

«ታዲያ ገንዘብ አዋጥተን አንድ ቀን ለምን አንሄድም?» ተባለ። አንዷ አሠሪዎቿ ወደ ካልባ ሲሄዱ አብራ ሄዳ ስለነበር፣ «እዚያ ባሕር ውስጥ የበቀለ ደን አለ፤ በትንሽ ታንኳ ይገባበታል» ብላ ነገረችን። ሚኒባስ ተከራየን። በኅዳር 2018 ዓ.ም.፣ ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት በነበረው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ዐሥራ አንድ እኅቶችና እኔ ተነሣን።

ካልባ የሻርጃ ግዛት ናት፤ ከሻርጃ ከተማ ጋር ግን አትያያዝም። እኛ የለመድነው የሻርጃ ባሕር በስተ ምዕራብ ያለው የዐረብ ባሕረ ሰላጤ ነው። ካልባ ከሐጀር ተራሮች ማዶ በስተ ምሥራቅ፣ በኦማን ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ከኦማን ድንበር አጠገብ ናት። መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመጀመሪያ አሸዋና ግመል ነው፤ ከዚያ ዋዲ አል ሔሉ በሚባለው ሸለቆ በኩል ሣር የሌለበት ራቁት ተራራ ይመጣል፤ ተራራው ተፈልፍሎ በዋሻ ይታለፋል። ቁልቁል ስንወርድ ባሕሩ ከሩቅ ታየ። እኅቶቼ እልል አሉ። ሾፌሩ ሠርገኛ የጫነ መሰለው።

«ኾር» ማለት በዐረብኛ ወደ የብስ የገባ የባሕር ክንድ ነው። ኾር ካልባም እንዲሁ ነው፤ ከፊቱ ሰፊው ባሕር አለ፣ ከኋላው ተራራው፣ በመካከል ጸጥ ያለ ጥልቀት የሌለው ውኃና በውኃው ላይ አረንጓዴ ደን። ዛፉን ዐረቦች «ቁርም» ይሉታል፤ በሌላው ዓለም ማንግሮቭ ይባላል። ቦታው ጥብቅ ነው። ሻርጃ በ2012 እ.ኤ.አ. በሕግ ከለለችው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ውኃ አዘል ቦታዎችን ለመጠበቅ በተደረገው በራምሳር ዓለም አቀፍ ስምምነት መዝገብ ገብቷል። ስለዚህ እንደ ፈለጉ መግባት የለም፤ ከአስጎብኚ ጋር፣ በተፈቀደው መንገድ ነው።

ታንኳዋ ካያክ ትባላለች፤ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጠባብና ቀላል ናት። አስጎብኚው ህንዳዊ ነበር፤ እኅቶቼ በዐረብኛ ተግባቡት። ለሁላችንም ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሰጠን። በቀሚሴና በጥምጥሜ ላይ ጃኬቱን ስደርብ የሆነውን ሳቅ አልነግራችሁም። ፎቶውን ማንም ለአገር ቤት እንዳይልክ ባስጠነቅቅም ማታውኑ ባሕር ዳር ከተማ ደርሶ አገኘሁት።

እኔ ታንኳ እንግዳዬ አይደለም። ልጅነቴን በ1970ዎቹ ዓ.ም. ደበሎ ለብሼ፣ ቁራሽ እየለመንሁ የተማርሁት በጣና ዙሪያ ነው። በዚያን ጊዜ ከዘጌ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት በታንኳ እንሻገር ነበር። የጣና ታንኳ ከደንገል ነው የሚታሰረው፤ ውኃ ይጠጣል፤ ከተሻገሩ በኋላ ከውኃ አውጥተው ካላደረቁት ይበሰብሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳፈርሁ ቀን ውኃው ከታች ሰርጎ ሲያረጥበኝ ዘልዬ ልነሣ ስል የኔታ በትከሻዬ ተጭነው አስቀመጡኝ። ታንኳን የሚገለብጠው የሚሰርገው ውኃ ሳይሆን ደንግጦ የሚነሣ ሰው መሆኑን ያን ቀን ተማርሁ። በካልባም አስጎብኚው የመጀመሪያ ቃሉ «አትነሡ» ነበር።

ከእኅቶቹ አንዷ ግን ከሚኒባሱ ከወረደች ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችም። ጃኬቱን ሰጧት፤ ያዘችው እንጂ አልለበሰችውም። «ነይ እንጂ» ቢሏት ራሷን ነቀነቀች። እኔ መሀል ገባሁና ሁሉ እየሰማ፣ «ምነው ልጄ? እምነት የለሽም እንዴ?» አልኋት። ቀልድ አስመስዬው ነበር። እርሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና፣ «አባቴ፣ ይህ ውኃ ከየመን ውኃ ጋር ይገናኛል?» አለችኝ። «የለም ልጄ፣ የመን ሩቅ ነው» ብዬ ወደ ታንኳው ሄድሁ። ጃኬቱን ታቅፋ ባሕሩ ዳር ቀረች። ዐሥሩ ሁለት ሁለት ሆነው በአምስት ታንኳ፣ እኔ ከአስጎብኚው ጋር በስድስተኛው ገባን።

እኅቶቼ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ያህል ይጎድላል። እኛ የገባነው ሲሞላ ነው። ታንኳዋ በዛፎቹ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ስትገባ የነፋሱ ድምፅ ቀረ። መቅዘፊያው ውኃውን ሲነካ ብቻ ይሰማል። በዛፎቹ ሥር እንደ ጣት ቀጥ ብለው ከጭቃው የወጡ ብዙ ሥሮች አሉ። «ዛፉ የሚተነፍሰው በእነዚህ ነው» አለን አስጎብኚው። ጭቃው አየር የሌለበት ጥቁር ጭቃ ስለሆነ፣ ሌላ ዛፍ ሥሩን ወደ ታች ሲሰድ ይህኛው አየር ፍለጋ ወደ ላይ ይሰዳል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ጨው ነው። አብዛኛው ዛፍ የባሕር ውኃ ቢያጠጡት ይሞታል። ቁርም ግን በጨው ውኃ ውስጥ ቆሞ ይለመልማል። አብዛኛውን ጨው ሥሩ ላይ ይከለክለዋል፤ አልፎ የገባውን ደግሞ በቅጠሉ ያላበዋል። አንድ ቅጠል በምላሴ ነካሁ፤ በእውነት ጨው ነው። ግመል ይህን ቅጠል ይወደዋል። ፍሬውም ከእናቱ ሳይለይ ማቆጥቆጥ ይጀምራል፤ ሲወድቅ ውኃ ይወስደዋል፤ የሚይዘው ጭቃ እስኪያገኝ ይንሳፈፋል። ይኸው ዛፍ ማዶ በቀይ ባሕር ዳር በምፅዋም ይበቅላል።

ሸርጣኖች ጭቃው ላይ ሲሮጡ እኅቶቼ ይጮኹ ነበር። ከዚያ አንድ ወፍ አየን፤ ጀርባው ሰማያዊና አረንጓዴ፣ አንገቱ ነጭ፣ መንቁሩ ረጅም። ዓሣ አዳኝ ወፍ ከሚባለው ወገን ነው፤ ይህ ዓይነቱ ግን በዓለም ላይ የሚገኘው እዚህና በኦማን በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው ተባልን። ቅርንጫፉ ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ አየን። ከእኅቶቼ አንዷ፣ «ይህም እንደኛ ጥቂት ነው የቀረው» አለች፤ ማንም አልሳቀም።

ከደኑ ወጥተን የኾሩን አፍ ስናይ አስጎብኚውን፣ «ይህ ውኃ ወዴት ይሄዳል?» ብዬ ጠየቅሁት። በመቅዘፊያው እያመለከተ ነገረኝ። ከዚህ ወደ ኦማን፣ ከዚያ ወደ ዐረብ ባሕር፣ በየመን ዳር አድርጎ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ በባብ ኤል መንደብ ወደ ቀይ ባሕር። አንድ ውኃ ነው። የተሳሳትሁት ያን ጊዜ ገባኝ። ልጄ በትክክል ጠይቃኝ ነበር፤ እኔ ሳላውቅ «የለም» አልኋት።

ስንመለስ ሌሎቹ ምሳ ሲያቀርቡ እኔ ከጎኗ ተቀመጥሁ። «ልጄ፣ ውኃው ይገናኛል፤ ዋሽቼሻለሁ» አልኋት። ያን ጊዜ ነገረችኝ። የምጽፈው ራሷ፣ «ሌላ እኅት እንዳትሳሳት ጻፉልኝ» ስላለችኝ ነው፤ የንስሐ ነገር አይደለም።

ታናሽ ወንድም ነበራት። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ሳዑዲ ልሂድ ብሎ ተነሣ። ከጅቡቲ በኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን ለመሻገር ደላላው ገንዘብ ጠየቀ። ወንድምየው በስልክ አለቀሰባት፤ ሁለት ወር ሙሉ ለመናት። በመጨረሻ የአራት ወር ደመወዟን ላከች። ከኦቦክ አንድ ጊዜ ደወለ፤ «ዛሬ ማታ ነው» አላት። ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከመቶ ሃምሳ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ የጫነች ጀልባ በየመን አብየን ጠረፍ ላይ ተገልብጣ ብዙዎች ሲያልቁ ዜናውን በስልኳ አየች። ወንድሟ በዚያች ጀልባ እንዳልነበረ ታውቃለች፤ የእርሱ ከዚያ በፊት ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ ባየች ቁጥር እርሱን ታያለች። «የደላላውን ገንዘብ የላክሁት እኔ ነኝ አባቴ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ስሙን ለጸሎት ስሰጥ ምን ብዬ ልስጥ? ከሙታን ጋር ነው ወይስ ከሕያዋን ጋር?» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት በክህነት ሳገለግል እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። «ልጄ፣ የት እንዳለ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። እኛ ስመ ክርስትናውን እንጠራለን፤ እርሱ ካለበት ይሰማዋል» አልኋት። ከዚያ ስለ እምነት የተናገርሁት ቃል አሳፈረኝ። ጌታ በታንኳ ውስጥ ሳለ ማዕበል በተነሣ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ በጭንቀት ቀሰቀሱት። ቅዱስ ማርቆስ እንደ ጻፈው መጀመሪያ ነፋሱን ገሠጸ፣ ባሕሩን ጸጥ አደረገ፤ ስለ እምነታቸው የጠየቃቸው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ነፋሱ ሳይቆም ጥያቄውን አስቀደምሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት።

ልንሄድ ስንል ተነሥታ ወደ አስጎብኚው ሄደች። በዐረብኛ፣ «ገመዷ ሳይፈታ ልቀመጥባት?» አለችው። ሰውየው ነገሩን የተረዳው ይመስለኛል። አንዲቱን ታንኳ ከምሰሶው ጋር አጥብቆ አሰረ፣ ሌላውን የገመድ ጫፍ በእጁ ያዘ። ጃኬቱን ለበሰች። ገባችና ተቀመጠች። ውኃው ታንኳዋን ትንሽ ከፍ ዝቅ ያደርጋታል። እጇን ወደ ውኃው ሰደደች። እኛ ዳር ላይ ቆመን ዝም አልን። ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆየችና ወጣች፤ ሌላ ነገር አልሆነም። በሚኒባሱ ውስጥ ግን ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንጀራ ጠየቀች።

እኅቶቼ፣ ወደ ሻርጃ ስንመለስ በልቤ የነበሩት ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ ናቸው። ታሪኩን ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችኋል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የሚባሉ ሁለት ልጆች ከጢሮስ ሰው ጋር በመርከብ ተጉዘው ሲመለሱ፣ መርከቡ ስንቅና ውኃ ለመቅዳት በእኛ ጠረፍ ቆመ። የጠረፉ ሰዎች በመርከቡ ያሉትን ገደሉ። ልጆቹን ከዛፍ ሥር ሲያነብቡ አግኝተው ለንጉሡ ሰጧቸው። ኤዴስዮስ የንጉሡ መጠጥ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስ መዝገብና ጽሕፈት ያዘ። እንግዲህ አስተውሉ፤ የአገራችን ብርሃን የተጀመረው ወገናቸውን በባሕር ዳር ካጡና በባዕድ ቤት ካገለገሉ ሁለት ልጆች ነው። ስብከታችን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ያን ማታ ያሰብሁት ቀጥሎ ያለውን ነው። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሲሄድ፣ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ ሲመለስም፣ ወገኖቹ ወዳለቁበት ጠረፍ መመለስ ነበረበት። ያ ጉዞ ስንት ዓመት እንደ ዘገየ አስቡ፤ ልጅ ሆኖ የመጣ ሰው ጎልማሳ እስኪሆን ነው። ልቡ የቆሰለ ሰው ወደ ባሕሩ የሚመለስበት ጊዜ አለው፤ ሌላው ሊቆርጥለት አይችልም።

አሁን የአባትነት ምክሬን ልጨምር።

አንደኛ፣ ስለ ደላላው። ከእናንተ መካከል በዚህ ሳምንት ወንድሟ ወይም እኅቷ ደውለው «ገንዘብ ላኪልኝ፣ በባሕር ልሻገር» ያሏት አለች። እንቢ ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ክፉ እኅት ያሰኛል። ግን ይህን ንገሯቸው። እኛ በካልባ ለሁለት ሰዓት ጨዋታ በተረጋጋ ውኃ ስንገባ እያንዳንዳችን ጃኬት ለብሰን፣ ስንት እንደሆንን ተቆጥረን፣ የምንመለስበት ሰዓት ታውቆ ነው። የደላላው ጀልባ ሰው አይቆጥርም፣ ጃኬት የለውም፣ የሚሄደው በሌሊት ነው። ባብ ኤል መንደብ ጠባቡ ላይ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በካርታ ላይ ጣት አይሞላም፤ ስንቱን ግን ውጧል። ያንኑ ገንዘብ ለበግ ማርቢያ፣ ለሙያ ትምህርት፣ ለመንጃ ፈቃድ ላኩላቸው። ቢቆጡም ይቆጡ፤ የተቆጣ ወንድም ይደውላል።

ሁለተኛ፣ በጉዞ ላይ ዘመድ የጠፋባችሁ ብቻችሁን አትቀመጡ። ቀይ መስቀል የጠፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ አገልግሎት አለው፤ በአገር ቤት ያሉት ቤተሰቦቻችሁ ወደ ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቀርበው ማመልከት ይችላሉ። ያቺ እኅታችን ከካልባ በተመለስን በሳምንቱ እናቷን ደሴ ላይ እንድታመለክት አድርጋለች። መልስ ገና ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ዕረፍታችሁ። በዚህ በኤምሬትስ ያላችሁ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ደመወዝ የማይቆረጥበት ዕረፍት፣ በቀን ከ12 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ 8ቱ ተከታታይ እንዲሆን ይላል። ፓስፖርታችሁንና መታወቂያችሁንም ራሳችሁ መያዝ መብታችሁ ነው። ይህን ለማዳም በትሕትናና በሰላም ተናገሩ። የዕረፍት ቀናችሁን ሁሉ በክፍል ተኝታችሁና በስልክ አትጨርሱት። ካልባ ሩቅ የሆነባችሁ፣ ጥቂት ሰዓት ብቻ የምታገኙ፣ ዱባይ ላይ ከዴራ ወደ ቡር ዱባይ በዓብራ ተሻገሩ። ለብዙ ዘመን በአንድ ድርሃም የሚሻገሩባት የእንጨት ጀልባ ናት፤ በአንድ ድርሃም ነፋስ ትቀበላላችሁ።

አራተኛ፣ ባሕር ስትሄዱ አብራችሁ ሂዱ፤ ከማታውቁት ሰው ጋር ታንኳ አትሳፈሩ። ጃኬት ሳይሰጧችሁ አትግቡ። መታወቂያችሁን ውኃ በማያስገባ ከረጢት ያዙ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በበጋው ሙቀት ራስ ያዞራል። ካልባ ድንበር ስለሆነች ከተፈቀደው ቦታ አትራቁ። ታንኳ ላይ ከሁሉ በላይ፣ አትነሡ።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ አብራችሁ ከሄደችው መካከል አንዷ ዳር ላይ ብትቀር አታሹፉባት፣ አትጎትቷትም። ከጎኗ ተቀመጡ። እንደ እኔ እንዳትሳሳቱ።

ቁርም ዛፍ ጨውን ከባሕሩ ማውጣት አይችልም። እርሱ ጨውን በየቀኑ ትንሽ በትንሽ በቅጠሉ ያወጣዋል። እናንተም የልባችሁን ለሚሰማችሁ ሰው፣ ለንስሐ አባታችሁ፣ ለታመነች እኅት ተናገሩ፤ አታጠራቅሙት። ያች እኅት በመጪው ጊዜ እንሂድ ብላለች። ገመዱ ይፈታ እንደሆነ ግን አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

የባሕሩና የየብሱ አምላክ በመንገድ ላይ ያሉትን ያግባልን፤ ያለቁትን በማይናወጥ ወደብ ያሳርፍልን፤ እናንተንም ለአገራችሁ ያብቃችሁ። አሜን።